የዛንዚባር የቤት ማዕድ፦ የኮኮናት ወተት አጨማመቅ፣ የኮኮናት ሩዝና በኮኮናት የሚቀባ ዓሣ አዘገጃጀት

ስለ ዛንዚባር ሲወራ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ቅመሟን ነው። ቅርንፉድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ገብቶ በኦማን ሱልጣኖች ዘመን ከተስፋፋ ወዲህ የደሴቲቱ ስም ከቅመም ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ ዛሬም ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የቅመም እርሻ ሳያይ አይመለስም። የደሴቲቱን ቤተሰብ የዘወትር ምግብ በቅርብ የተመለከተ ሰው ግን ቅመም በብዛት የሚገባው ለሠርግና ለኢድ በሚሠሩት ፒላውና ቢርያኒ በሚባሉ የሩዝ ምግቦች ውስጥ እንደሆነ፣ የአዘቦቱን ማዕድ የያዘው ደግሞ ኮኮናት እንደሆነ ይገነዘባል። ሩዙም፣ ካሳቫውም፣ ባቄላውም፣ ቅጠላ ቅጠሉም፣ ዓሣውም በኮኮናት ወተት ይበስላል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ከኮኮናቱ ነው። ለአንድ ምሳ አብረው የሚቀርቡ ሁለት ምግቦችን፣ ማለትም በስዋሂሊ ዋሊ ዋ ናዚ የሚባለውን የኮኮናት ሩዝና ሳማኪ ዋ ኩፓካ የሚባለውን፣ ከሰል ላይ እየተጠበሰ በኮኮናት ስልስ የሚቀባ ዓሣ፣ ከገበያ እስከ ገበታ ድረስ ያሳያል። የሁለቱም ጣዕም የሚወሰነው ከኮኮናቱ የሚወጡት ወፍራሙ የመጀመሪያ ጭማቂና ስሱ ሁለተኛ ጭማቂ ሳይቀላቀሉ ተለይተው በመቀመጣቸውና እያንዳንዳቸው በየተራቸው ወደ ድስት በመግባታቸው ነው። ይህን የያዘ ሰው አንድ ሁለት ቅመም ቢጎድለው እንኳ ምግቡ ያምርለታል፤ ይህን ከሳተ ግን ቅመም ማብዛቱ አያድነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለስድስት ሰው 3 የደረሱ ኮኮናቶች፣ 3 ኩባያ ወይም 600 ግራም ያህል ሩዝ፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሙሉ ዓሣ ወይም ሁለት መካከለኛ ዓሣዎች ይበቃሉ። ለዓሣውና ለስልሱ 8 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ 4 ቃሪያ፣ 4 ሎሚ፣ 2 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጨው፣ እንዲሁም በውሃ ተዘፍዝፎ ፍሬው የወጣለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ሁመር (በሐረርና በድሬዳዋ ሮቃ የሚባለው) ያዘጋጁ። ሁመር ካልተገኘ ሎሚ ይተካዋል። 3 ቲማቲምና 2 ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከጎን ለሚቀርበው ካቹምባሪ ለሚባል ሰላጣ ይሆናሉ። ኩባያ የተባለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው።

ዓሣውን በተመለከተ በዛንዚባር ለዚህ ምግብ የሚመረጡት ሥጋቸው ጠንከር ያለ የባሕር ዓሣዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ትልቅ ቆሮሶ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሃሙር ሥራውን በደንብ ይሠራል። ዓይኑ የጠራና ያልጎደጎደ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ወዲያው የሚመለስ መሆን አለበት። በደሴቲቱ ዓሣ የሚገዛው ጀልባዎቹ እንደተመለሱ በማለዳ ነው፤ ስቶን ታውን (የድንጋይ ከተማ) በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በዳራጃኒ ገበያ የሚገዙ የቤት እመቤቶች ስንጥቡን ገልጠው ሳያዩ ገንዘብ አይቆጥሩም፤ እርስዎም ባለሱቁን ሳያፍሩ ገልጠው ይዩ።

ኮኮናት አመራረጥና አሰባበር

ለወተት የሚሆነው የውጭ ገለባው የተገፈፈለት፣ ቡናማና ጸጉራም የሆነው የደረሰ ኮኮናት ነው። ለመጠጥ የሚቆረጠው አረንጓዴ ለጋ ውስጡ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ለወተት አይበጅም። በእጅዎ ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ የሚከብደውን ይምረጡ። ጆሮዎ አጠገብ ነቅንቀው ውሃው ሲንቦጫረቅ ካልተሰማዎት ወይ ተሰንጥቆ ፈስሷል፣ ወይ አርጅቶ ደርቋል፤ ይተዉት። በአንደኛው ጫፉ ያሉትን ዓይን መሰል ሦስት ነጥቦችም ይመርምሩ፤ እርጥበት ወይም ሻጋታ የታየበት ውስጡ መበላሸቱ አይቀርም። ኮኮናት ከሩቅ ተጭኖ በሚመጣበት አገር ከሦስት አንዱ ተበላሽቶ መገኘቱ ያለ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ትርፍ መግዛቱ ይሻላል።

ለመስበር ኮኮናቱን በአንድ መዳፍ ይዘው ወገቡን ዙሪያውን እያዞሩ በከባድ ቢላዋ ወይም በገጀራ ጀርባ ይምቱት። በስለቱ ሳይሆን በጀርባው መሆኑን ልብ ይሏል። ጥቂት ዙር ከተመታ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፤ ጠንካራው ቃና ይሰነጠቅና የላላ ይሆናል፤ ከዚያም በወገቡ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይከፈታል። ውሃውን ከሥሩ ባስቀመጡት ጎድጓዳ ሳህን ይቀበሉ፤ ይህ ውሃ ወተቱ አይደለም፤ የሚጠጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በአካባቢው የተገኘ ልጅ ይጠጣዋል። ከመጠጣቱ በፊት ግን ይሽተት። የሻገተ ወይም የሳሙና ሽታ ካለው ኮኮናቱ በሙሉ ይጣል፤ አንዱ የተበላሸ ሦስቱንም ያበላሻልና ፈጽሞ አያቀላቅሉት።

አፈቃፈቅ

በዛንዚባር ቤት ሁሉ የሚገኘው መፈቅፈቂያ ምቡዚ ይባላል። ዝቅ ያለ፣ የሚታጠፍ የእንጨት በርጩማ ሲሆን፣ ከፊቱ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ወጥቶበታል። ሠሪዋ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የኮኮናቱን ግማሽ በሁለት እጇ ትይዝና ውስጡን ብረቱ ላይ እየገፋች ትፈቀፍቃለች፤ ነጩ ፍቅፋቂ ከብረቱ ሥር በተቀመጠው ሳህን ላይ እንደ በረዶ ይረግፋል። እጇ አንድ ቦታ ላይ አይቆይም፤ ኮኮናቱን በየግፊው ጥቂት ጥቂት ታዞረዋለች። ቡናማው የውስጥ ልጣጭ ብቅ ሲል ታቆማለች፤ ልጣጩ ከገባ ወተቱ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይጎመዝዛል።

ይህ ዕቃ የሌለው ሰው የተሰበረውን ኮኮናት ከነቅርፊቱ እሳት ዳር ለጥቂት ደቂቃ ቢያሞቀው ሥጋው ከቅርፊቱ ይላቀቃል። ከዚያ በደነዘዘ ቢላዋ ፈልቅቀው፣ ቡናማውን ልጣጭ ልጠው፣ ነጩን በካሮት መፈቅፈቂያ ይፈቅፍቁት ወይም ቆራርጠው ለብ ካለ ውሃ ጋር በብሌንደር ይፍጩት። በብሌንደር የወጣው ወተት ከምቡዚው የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ ድካሙ ግን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የጥንቱን አሠራር የሙጥኝ ማለት አስፈላጊ አይመስለኝም።

አጨማመቅ

እዚህ ላይ በደጋ አገር የሚኖር አንባቢ ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። የኮኮናት ቅባት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ይረጋል። በዛንዚባር ቀኑ ከዚህ በላይ ስለሚሞቅ ሴቶቹ ተራ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ጨምረው ቢጨምቁ ቅባቱ ፈሳሽ እንደሆነ ይወጣል። በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ውስጥ ግን በቀዝቃዛ ውሃ የተጨመቀ ኮኮናት ቅባቱን በፍቅፋቂው ውስጥ አስቀርቶ ቀጭን ውሃ ብቻ ይሰጣል። ብዙ ሰው ኮኮናቱ መጥፎ ነው እያለ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እጅ የሚችለው፣ ከገላ ሙቀት ጥቂት ከፍ ያለ ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ። የፈላ ውሃ ግን አያስፈልግም፤ እጅዎንም ያቃጥላል።

የሦስቱን ኮኮናት ፍቅፋቂ በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው 1 ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱበት፤ አምስት ደቂቃ ያህል በሁለት እጅ እየጨበጡ ይሹት። ውሃው ነጥቶ ሲወፍርና ጣትዎ ላይ ቅባት ሲሰማዎት በእፍኝ በእፍኝ እያነሡ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልለው አጥብቀው ይጭመቁ። በደሴቲቱ ለዚህ የሚያገለግለው ከዘንባባ ቅጠል የተጠለፈ ኪፉምቡ የሚባል ማጥለያ ነበር፤ አሁን በብዙ ቤት የፕላስቲክ ወንፊት ተክቶታል። ወንፊት ግን ያጠልላል እንጂ አይጨምቅምና ሻሹ ይሻላል። የሚወጣው ሁለት ኩባያ ተኩል ገደማ ወፍራም ወተት የመጀመሪያው ጭማቂ ነው፤ በዕቃ ከድነው ለብቻው ያኑሩት።

ያንኑ ፍቅፋቂ ወደ ሳህኑ መልሰው 5 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጨምረው እንደገና አሽተው ይጭመቁት። ይህ ሁለተኛው ጭማቂ ስስ ነው፤ ሥራው ማብሰል ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ማጣፈጥና ማወፈር ነው። ሦስተኛ ጊዜ መጭመቅ ይቻላል፤ ሆኖም ከውሃ ብዙም የማይለይ ነገር ነው የሚወጣው።

በጣሳ የታሸገ ወተት ለሚጠቀም ሰው 400 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 2 ጣሳዎች ይበቃሉ። አንዱን ጣሳና የሁለተኛውን ግማሽ እንዳለ ለመጀመሪያው ጭማቂ ያስቀምጡ፤ የቀረውን ግማሽ ጣሳ በ4 ኩባያ ውሃ አቅጥነው ለሁለተኛው ይጠቀሙበት። ስኳር የገባበት እንዳይሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

የኮኮናት ሩዝ

ሩዙን ውሃው እስኪጠራ አጥበው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። በዛንዚባር ሩዙ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከዋናው የታንዛኒያ ምድር ከምቤያ የሚመጣው መዓዛማ ሩዝ ግን ይመረጣል። ባስማቲም ይሆናል።

4 ኩባያ ሁለተኛ ጭማቂ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው ጋር በከባድ ድስት ጥደው እስኪፈላ ድረስ ማማሰልዎን አያቋርጡ። ሲፈላ ውሃው የተጠነፈፈለትን ሩዝ ይጨምሩ። ሄል የሚወድ ሰው ሁለት ፍሬ ሰንጥቆ መጣል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን ፒላው ወደ መሥራት መሄድ ነው። በመካከለኛ እሳት፣ ሳይከደን፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ቀስ ብሎ ከሥር እየተገላበጠ ይብሰል። ፈሳሹ ከሩዙ ገጽ በታች ወርዶ፣ ሩዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች እየተከፈቱ እንፋሎት ሲወጣባቸው የመጀመሪያው ጭማቂ ተራ ይደርሳል። ሦስት አራተኛ ኩባያ ወፍራም ወተት ገጹ ላይ ዙሪያውን ያፍስሱ፤ በማማሰያው እጀታ አራት አምስት ቦታ እስከ ሥሩ ወግተው ወተቱ እንዲሰርግ ያድርጉ፤ ከዚህ በኋላ ግን በፍጹም አያማስሉ።

ድስቱን በደንብ የሚገጥም ክዳን ከድነው እሳቱን እስከ መጨረሻው ይቀንሱ። በከሰል የሚሠሩት የደሴቲቱ ሴቶች ከሥር ያለውን ፍም አብዛኛውን አንሥተው ክዳኑ ላይ ያደርጉታል፤ ሩዙ ከላይም ከታችም ተመሳሳይ ሙቀት አግኝቶ ፍሬ ፍሬው ሳይጣበቅ የሚቀረው በዚህ ዘዴ ነው። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚሠራ ሰው ከክዳኑ ሥር ፎይል ማድረግ ወይም ድስቱን በ150 ዲግሪ ወደ ሞቀ ኦቨን ማስገባት ይተካዋል። 15 ደቂቃ ይብቃው፤ ከወጣም በኋላ ሳይከፈት 10 ደቂቃ ይረፍ። ድስቱ ሥር የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት ኡኮኮ ይባላል፤ ጥፋት አይደለም፤ ልጆች የሚሻሙበት ነው።

ዓሣውና ስልሱ

ቅርፊቱ የተፋቀና ሆድ ዕቃው የወጣለትን ዓሣ ጭንቅላቱን ሳይቆርጡ በእያንዳንዱ ጎኑ ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ድረስ ይሰንጥቁት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቃሪያውን በሙቀጫ አብረው ወቅጠው ለሁለት ይክፈሉ። አንዱን እጅ ከሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ እርድና ከጨው ጋር ለውሰው ዓሣውን ውጭውንም ስንጥቁንም ሆዱንም ይሹት። ለግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ሎሚው ሥጋውን ያነጣውና ሲጠበስ ይፈራርሳል።

ዓሣው ቅመሙን በሚጠጣበት ጊዜ ስልሱ ይሠራል። 1 ኩባያ ሁለተኛ ጭማቂ በትንሽ ድስት ጥደው የቀረውን የተወቀጠ ቅመም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው ጨምረው ግማሹ እስኪቀር፣ 10 ደቂቃ ያህል ያፍሉት። የነጭ ሽንኩርቱ ጥሬ ሽታ መጥፋቱን ካረጋገጡ በኋላ እሳቱን ቀንሰው አንድ ኩባያ ከሦስት አራተኛ የሚሆነውን ቀሪ ወፍራም ወተት ይጨምሩ። ከዚህ ጀምሮ ከምድጃው ፊት አይጥፉ። የኮኮናት ወተት ቅባቱ በጣም ትንንሽ ጠብታ ሆኖ በውሃ ውስጥ የተበተነ ነው፤ ጠብታዎቹን ለያይቶ የያዘው ፕሮቲን በኃይለኛ እሳት ሲረጋ ቅባቱ ይለያያል፤ ስልሱም የተቋጠረ አይብ መስሎ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ እንዳይሆን በጭልፋ እየጨለፉ ከፍ አድርገው መልሰው እያፈሰሱ፣ ሳይንተከተክ ዳር ዳሩን ብቻ ፈላ ፈላ እያለ፣ ጭልፋው ጀርባ ላይ ተለጥፎ እስኪቀር 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። ሁመሩን ወይም የሎሚውን ጭማቂ የሚጨምሩት ድስቱ ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ ጎምዛዛ ነገር ትኩስ ወተትን ይቋጥራልና። ይህ ሁሉ ሆኖ ከተለያየብዎ ድስቱን አውጥተው ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ወፍራም ወተት ጨምረው በኃይል ይምቱት፤ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ለዓሣ መቀቢያ ይበቃል፤ ጣዕሙም አይጎዳም።

ለጥብሱ ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ዐመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። ከሰሉ ቤት ውስጥ እንዳይነድ፤ ጭሱ ባይታይም የሚያፍን ጋዝ አለው፤ ስለዚህ በረንዳ ወይም ግቢ ይሁን። በደሴቲቱ የኮኮናቱ ቅርፊትም ከከሰሉ ጋር ይነዳል፤ ፍሙ ኃይለኛ ነው፤ ሽታውም ለዓሣው ይስማማዋል። መጥበሻ ሽቦውን ዘይት ቀብተው ዓሣውን ያስቀምጡና ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አይንኩት፤ ቆዳው በደንብ ሲጠበስ ራሱ ከሽቦው ይላቀቃል፤ ቀድሞ የነካካ ሰው ቆዳውን ሽቦው ላይ ይተዋል። እንደ ውፍረቱ አንዱን ጎን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሌላውንም እንዲሁ ይጥበሱ።

መቀባቱ የሚጀምረው ዓሣው በስሎ ሊያበቃ ሲል ነው። ሁለት ማንኪያ ስልስ ከላይ በኩል ስንጥቁ ውስጥ እስኪገባ ቀብተው ይገልብጡ፤ የተቀባው ፊት ወደ ፍሙ ሲዞር ስልሱ ደርቆ ቆዳው ላይ ይጣበቃል፤ በዚያው የላይኛውን ፊት ይቀቡ። እያንዳንዱ ፊት ሦስት ጊዜ ይቀባል። አንድ ጊዜ ብዙ ማፍሰስ ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ነበልባል ከማስነሣት ሌላ ጥቅም የለውም፤ ስስ ስስ እያደረጉ መደራረብ ነው ጥበቡ። በመጨረሻ ዓሣው ጠርዝ ጠርዙ ጠቆር፣ መሐሉ ወርቅማ ቢጫ ይሆናል። የተረፈውን ስልስ ሳህን ላይ ያፍስሱበት።

ካቹምባሪና አቀራረብ

ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፈው በጨው አሽተው በውሃ ቢያጥቡት ክርፋቱ ይወጣል፤ ከዚያ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ይደባልቁት። የኮኮናቱን ቅባት የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ከማዕዱ አይቅር።

በዛንዚባር ቤት ሩዙ በትልቅ ትሪ ተገልብጦ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ መሐል ይቀርባል፤ ዓሣው ከላዩ ወይም በሌላ ሳህን ይሆናል። ከቤቱ ታናሽ የሆነው በማንቆርቆሪያና በሳህን ዞሮ ያስታጥባል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የሚበላው በቀኝ እጅ፣ ከየፊት ለፊት ብቻ ነው። እንግዳ ሲኖር በብዙ ቤት ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ትሪ ይቀርባሉ። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ወደ ኦማን የሄዱ የዛንዚባር ቤተሰቦች ይህን ማዕድ ይዘው ስለሄዱ፣ በሙስካት በእንዲህ ያሉ ቤቶች የሠሩ እህቶቻችን ምግቡን በሌላ ስም እንኳ ቢሆን ሳያውቁት አይቀሩም።

በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሆነው የካሳቫ፣ የጥሬ ሙዝና የስኳር ድንች ምግብም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ በሁለተኛው ጭማቂ በስሎ በመጀመሪያው ይጠናቀቃል። ለኦርቶዶክስ ጾምም ቅቤና ወተት ስለሌለበት ሩዙም ካሳቫውም የሚስማማ ነው፤ ዓሣውን በተመለከተ የየቤቱ ልማድ ይለያያል።

የተረፈውን በተመለከተ

የተጨመቀው ፍቅፋቂ አይጣልም፤ በደሴቲቱ ለዶሮ ይሰጣል። የተጨመቀ ጥሬ ወተት በሙቀት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ከቆየ ይጎመዝዛልና በዕለቱ የማይፈለገውን ወዲያው ወደ ፍሪጅ ያስገቡ፤ ከአንድ ቀን ወይም ከሁለት ቀን በላይም አያቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ ከላይ የሚረጋው ጠንካራ ነጭ ክፍል ቅባቱ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ሳህኑን አስቀምጠው ቢያማስሉት ይመለሳል። የኮኮናት ሩዝም ከነጭ ሩዝ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ውጭ ሳያድር በፍሪጅ ያድር። በስዋሂሊ ኪፖሮ የሚባለው ያደረ ሩዝ ጠዋት ከሻይ ጋር ይበላል፤ ጥቂት ውሃ ረጨት አድርገውበት በዝቅተኛ እሳት ከድነው እንፋሎቱ እስኪወጣ በደንብ ያሙቁት። ስልሱን ሲያሞቁ ግን አያፍሉት፤ ሲፈላ ይቋጠራልና እያማሰሉ በዝግታ ያሙቁት።